ፒያሳ ሲፈርስ አይጡ የት ሄደ?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የነበረውን የአክስቴን ቤት ያፈረስነው እኛው ነን። ኤክስካቫተሩ ከመድረሱ በፊት ቆርቆሮውን፣ ቋሚውንና መዝጊያዎቹን ለማትረፍ የወንድምና የእህት ልጆች ተሰብስበን በሁለት ቀን አወረድነው። ያስቸገረን ኮርኒሱ ነበር። አቡጀዲው ላይ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ላይ ደግሞ ለየበዓሉ የተቀባ ቀለም የተደራረበበት የድሮ ኮርኒስ ነው። የአክስቴ ልጅ ጥጉን ይዞ ሲስበው ከዳር እስከ ዳር ተቀደደና ዕድሜያችንን በሙሉ ከላያችን ሲከማች የኖረው ወረደብን፤ ጥቀርሻ፣ ጭድ፣ የተቦጫጨቀ ጨርቅ፣ የአይጥ ጎጆ፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ የፈሰሰ የአይጥ ዓይነ ምድር። ክፍሉ በአቧራ ጨለመ። አፍንጫችንን በሸሚዛችን ይዘን ወጣን፤ አቧራው ጋብ ሲል ተመልሰን ገባንና በደረቅ መጥረጊያ ጠረግነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያ ኮርኒሱን የሳበው ልጅ አተኮሰው። ጀርባውንና ጭኑን ይቆረጥመዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀለት። በአምስተኛው ቀን መሳል ጀመረ፤ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረው ገባ። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ደም ሰጠ፤ ውጤቱ በግማሽ ሰዓት መጣ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕመሙ በእርግጥ ምን እንደ ነበር ግን ዛሬም አይታወቅም። ከምርመራው ክፍል እስከ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ድረስ «አይጥ ያለበት ቦታ ሠርተህ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛም አልተናገርንም፤ የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅንምና።

ነገሩን ያስታወሰኝ ከሩቅ የመጣ ዜና ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በምትገኘው ሳንታ ፌ ከተማ፣ የታዋቂው ተዋናይ ጂን ሃክማን ባለቤት ቤትሲ አራካዋ የሞተችው ከአይጥ በሚመጣ የሳንባ ሕመም እንደ ነበር የግዛቲቱ አስከሬን መርማሪዎች አስታወቁ። በግቢያቸው ባሉ መጋዘኖችና ጋራዦች ውስጥ የአይጥ ጎጆና ዓይነ ምድር ተገኝቶ ነበር። ዜናውን ሳነብ አፍንጫዬ ላይ የመጣው የዶሮ ማነቂያው አቧራ ሽታ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ሐንታ ቫይረስ ይባላል። የአንድ ቫይረስ ስም አይደለም፤ ሰፊ ቤተሰብ ነው፤ ብዙዎቹ የቤተሰቡ አባላትም እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአይጥ ዝርያ አላቸው። አይጧን አያሳምማትም። ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ትኖራለች፤ በሽንቷ፣ በምራቋና በዓይነ ምድሯ ታወጣዋለች። እርጥቡ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል። ተዘግቶ የከረመ መጋዘን የሚከፍት፣ የቆየ ጓዳ የሚጠርግ፣ አሮጌ ግድግዳ የሚንድ ሰው ያንን አቧራ ወደ ውስጥ ሲስብ ቫይረሱ ሳንባው ይገባል። ከአንድ እስከ ስምንት ሳምንት ምንም ምልክት አይታይም። ከዚያ ትኩሳቱ ይመጣል፤ የጭን፣ የዳሌና የጀርባ ቁርጥማቱ ይከተላል። ከአራት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሳልና የትንፋሽ እጥረት ይጨመራል። ቫይረሱ ሳንባውን የሚጎዳው የቀጫጭን ደም ሥሮችን ግድግዳ እንዲያፈስ በማድረግ ነው፤ የደሙ ውኃ ሾልኮ አየር የሚገባበትን ቦታ ይሞላዋል። ይህ የሳንባ ዓይነቱ ከያዛቸው 10 ሰዎች አራቱ ያህል ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም። ታማሚው የሚተርፈው በጊዜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ፣ ሳንባው እስኪያገግም በኦክስጅንና በመሣሪያ ሲተነፍስ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት የመዘገበችው 864 ታማሚዎችን ብቻ ነው። የበሽታው ክብደት ከቁጥሩ ይልቅ በአመጣጡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1993 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ በሚኖርበት አገር ሯጭ የነበረ ጤነኛ ወጣት ትንፋሽ አጥሮት ሞተ፤ እጮኛው ከጥቂት ቀናት በፊት በተመሳሳይ ሁኔታ ሞታ ነበር። ሐኪሞች ግራ ገባቸው። የናቫሆ ሽማግሌዎች ግን የሚናገሩት ነበራቸው፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ነው፣ የጥዱ ፍሬ ተትረፍርፏል፣ አይጥ በዝቷል፣ አይጥ የነካውን ልብስ ማቃጠል ደግሞ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው አሉ። ላቦራቶሪው የደረሰበትም ከዚያው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአጋዘን አይጥ የሚሏት ዝርያ ቁጥር አሥር እጥፍ ያህል አድጎ ነበር፤ ቫይረሱም የተገኘው እርሷው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ግን ከሁሉም በላይ ለእኛ ቤት የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። አሥር ሰዎች ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ያደሩት በአንድ ሰፈር በተተከሉ፣ ግድግዳቸው ድርብ በሆነ አዳዲስ ድንኳኖች ውስጥ ነበር። ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የተተወውን ክፍተት አይጦች ጎጆ አድርገውት ተገኙ። የአራዳ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በአቡጀዲና በቆርቆሮ መካከል ያለው ክፍተት ምን እንደሚኖርበት ሌሊት ሌሊት ሲሮጥ እየሰማ ያደገ ነው።

የዚህ ቫይረስ ታሪክ ከአዲስ አበባ የራቀ የሚመስለው ሰው ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ወደ አፍንጮ በር ይውጣ። እዚያ የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኮርያ ሲደርስ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ በመካከለኛው ግንባር ተሰለፈ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግንባር፣ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ወታደሮች መካከል ስሙ የማይታወቅ በሽታ ተነሣ። ትኩሳት ይጀምራል፣ ደም ከቆዳ ሥር ይፈሳል፣ ኩላሊት ይቆማል። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ3,000 በላይ ወታደሮችን ያዘ፤ መጀመሪያ ላይ ከአሥሩ አንዱን ገደለ። መንሥኤው ሳይታወቅ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ኮርያዊው ሊቅ ሆ ዋንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአንዲት የማሳ አይጥ ሳንባ ውስጥ አገኘው፤ በዚያ የጦር ሜዳ ላይ በሚፈሰው በሐንታን ወንዝ ስምም ሰየመው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሐንታ የሚባለው ስም የመጣው የእኛ ልጆች ምሽግ ቆፍረው ካደሩበት አገር ወንዝ ነው። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ወድቀዋል። የተረፉት ሲመለሱ አዲስ አበባ ላይ ኮርያ ሰፈርን አቀኑ። ምሽግ ውስጥ ከአይጥ ጋር አብሮ ማደር ምን እንደሆነ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ በከተማችን አልነበረም።

የእስያውና የአውሮፓው ሐንታ በአብዛኛው ኩላሊትን ያጠቃል፤ የአሜሪካዎቹ ሳንባን። የአፍሪካው ለብዙ ጊዜ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በጊኒ ጫካ ውስጥ በምትኖር አይጥ ላይ የመጀመሪያው ተገኘ። በአይጥ ላይ ሁለተኛው የተገኘው እዚህ ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ዮናስ ምሕረቱና በአውሮፓውያን ባልደረቦቹ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ፣ በሰው ሠፈርና በማሳ አካባቢ የሚኖሩ አይጦችን መርምሮ፣ እግረ ነጭ በምትባለው የደጋ አይጥ ላይ አዲስ ሐንታ ቫይረስ አገኘ። ትግራይ ቫይረስ ተባለ። ይኸው ጥናት በእርሷና በሌላ የአገራችን አይጥ ላይ ከምዕራብ አፍሪካው የላሳ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ሌላ ቫይረስም አገኘ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ትግራይ ቫይረስን በተራራው የተለያየ ከፍታ ላይ በሚኖሩ በሁለት የተዛመዱ ዝርያዎች ላይ አግኝተውታል። በሰው ላይ በሽታ ማምጣቱ እስካሁን አልተመዘገበም።

ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንዱ «እንግዲያው ችግር የለም» ብሎ ገጹን መዝጋት ነው። እኔ የማነበው በሌላው ነው። ያልተፈለገ በሽታ አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. ከ1993 በፊት በኒው ሜክሲኮ የሞቱትም የሳንባ ምች ተብለው ተቀብረዋል፤ ቫይረሱ ከታወቀ በኋላ በየሆስፒታሉ ተቀምጦ የቆየ የሰውነት ናሙና ወደ ኋላ ሲመረመር ከዚያ በፊት የሞቱ ታማሚዎች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ «የሳንባ ምች» የሚለው ስም ሰፊ ነው፤ ምን ያህል የተለያየ ሞት እንደ ተሸከመ ማንም ዘርዝሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ ግን ለፒያሳ ሰው በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። እግረ ነጯ የደጋ ጫካና ማሳ አይጥ ናት። ኮርኒሳችን ላይ የሚሮጠው ደግሞ ከጥንት ከሰው ጋር በመርከብና በባቡር የተጓዘው የቤት አይጥና አይጠ መጎጡ ነው። ስለዚህ ለከተማው ሳንባ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ሐንታ አይደለም፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው። ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በአይጥ ሽንት ወደ ውኃና ወደ ጭቃ ይገባል፤ በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በተላጠ እጅ፣ በዓይንና በአፍ በኩል ወደ ሰው ያልፋል። ብዙውን ጊዜ እንደ ጉንፋን ታሞ ይለቃል። ሲከፋ ጉበትንና ኩላሊትን ይይዛል፤ ከሁሉ የከፋው ዓይነት ግን ሳንባን ደም የሚያስተፋው ነው፤ በዚያ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። በዓለም በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው እንደሚይዝ፣ 60,000 ያህል እንደሚገድል ይገመታል። ብራዚል ውስጥ ሳልቫዶር በምትባለው ከተማ፣ ገደል ለገደል በተሠሩ የድሆች ሰፈሮች የተደረጉ ጥናቶች ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ቤት ከክፍት የፍሳሽ ቦይ አጠገብ መሆኑ፣ ቀጥሎም በግቢ ውስጥ አይጥ መታየቱ እንደሆነ አሳይተዋል። ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ቀጨኔን በክረምት ያየ ሰው የየትኛው ከተማ ታሪክ እንደሚነገር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

በአገራችንም የለም የሚባል አይደለም። በ1990ዎቹ በወንጂ ሆስፒታል ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 59 ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ የሌፕቶስፓይራ ምልክት በደማቸው ተገኝቶባቸዋል። የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ውኃና አይጥ የሚገናኙበት ቦታ በመሆኑ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ሲመርጥም ሌፕቶስፓይሮሲስ ከእብድ ውሻ፣ ከአባ ሰንጋ፣ ከብሩሴሎሲስና ከኤኪኖኮከስ ጋር ተመርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙን በሰፈር ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁትም፤ ከሐኪም አፍም አልሰማሁትም።

ምክንያቱ የአክስቴ ልጅ ውጤት ነው፤ ታይፎይድና ታይፈስ። ሁለቱን ስሞች ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የሚመረመሩት ዊዳልና ዌል ፌሊክስ በሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ባለፈ የደም ምርመራዎች ነው። ሁለቱም ጀርሙን አያዩም፤ ሰውነቱ ቀድሞ ያፈራውን መከላከያ ነው የሚያዩት። ከዚህ በፊት የታመመ፣ የተከተበ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ጀርም የያዘው ሰው ደም ውስጥም ያው ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ስም ያገኛል። ነገሩን ደግሞ የሚያከብደው ለታይፈስ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ለሌፕቶስፓይሮሲስም ፈዋሽ መሆኑ ነው። ሰውየው በተሳሳተ ስም በትክክለኛ መድኃኒት ይድናል፤ ስሙ እንደ ተሳሳተ ይቀራል፤ አይጡም ሳይጠቀስ ያመልጣል። በቀጣዩ ሳምንት ከዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ቦይ አጠገብ ሌላ ሰው ታሞ ሲመጣ ሁለቱን የሚያገናኝ ክር የለም። ዘግይቶ የመጣው፣ ወይም መድኃኒቱን ያላገኘው፣ ወይም ሕመሙ በእርግጥ ቫይረስ የሆነው ሰው ሳንባው ይሞላና «ድንገት ነው» ተብሎ ይለቀስለታል።

«መሣሪያ የለንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲነሣ ናሙናውን መርምሮ ያረጋገጠው እዚሁ ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ነባሩ ሰው ዛሬም ፓስተር የሚለው። የሌሊት ወፍ ተሸክሞት የሚኖርን እንዲህ ያለ ገዳይ ቫይረስ የሚያውቅ ላቦራቶሪ በከተማው ውስጥ አለ። ከአራዳ ጤና ጣቢያዎች ወይም ከየካቲት 12 ሆስፒታል እስከዚያ ድረስ መንገዱ አጭር ነው። የጎደለው ናሙናው እንዲጓዝ የሚያደርገው ጥያቄ ነው። ትኩሳትና ትንፋሽ ማጠር ይዞት የመጣን ሰው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ቤት ሲያፈርስ ወይም ወንዝ ሲጠርግ ሰንብቶ እንደሆነ፣ ቤቱ አይጥ ይበዛ እንደሆነ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልግበት ምክንያት የከተማው መልክ መለወጡ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ከተመረቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱና አካባቢያቸው ፈረሱ። የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሄደ፤ የወንዝ ዳርቻው ሥራ ተከተለ። ስለ ካሳው፣ ስለ ትዝታው፣ ስለ መንገዱ ስፋት ብዙ ተነገረ፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ አይጡ ግን ሲነገር አልሰማሁም። አንድ መቶ ዓመት የቆየ የጭቃ ቤት ማገሩ መካከል፣ ከወለሉ ሣንቃ ሥር፣ ከጋራ መጸዳጃው ጉድጓድ አጠገብ ስንት ትውልድ አይጥ እንደሚኖር ያየ ያውቀዋል። ቤቱ ሲፈርስ አይጡ አይሞትም። ሌሊቱን ይነሣና ይሄዳል። ከፈረሰው ቦታ ዳር የቀሩ ቤቶች ባለቤቶች በዚያ ክረምት «አይጥ ወረረን» ሲሉ የነበረው ለዚህ ነው።

ከዚያም በፊት የአራዳ አይጥ አንድ ጊዜ ተፈናቅሏል። አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ ለአሥርት ዓመታት በጎመንና በቲማቲም ትራፊ የኖረው ሁሉ ምግቡን በአንድ ጊዜ አጣ። የተራበ አይጥ ቀን ይወጣል፤ ወደማይደፍረው ቤት ይደፍራል። የምግብ ምንጭን ማንሣት ትክክለኛ እርምጃ ነው። አብሮ መደረግ የነበረበት ግን ምግቡ ከመነሣቱ በፊት ቁጥሩን መቀነስ ነው። ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። ቦስተን ከተማ በመሀልዋ ያለውን አውራ ጎዳና ከምድር ሥር ለመቅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያንን ግዙፍ ቁፋሮ ስትጀምር፣ ከቁፋሮው በፊት የአይጥ ቁጥጥር በውሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። በፍሳሽ መስመሮቹ ውስጥ ማጥመጃና መርዝ ተቀመጠ፤ አይጥ የት እንዳለ በካርታ ተመዘገበ፤ በየሥራ ቦታው ቆሻሻ አያያዝ ተቆጣጣሪ ተመደበ። ነዋሪው የፈራው የአይጥ ጎርፍ አልደረሰም። ለአዲስ አበባ ይህን ማድረግ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ረድፍ በላይ ያስወጣል ብዬ አላምንም።

እንዲህ ሲባል ቤቶቹ ባይፈርሱ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ያ ኮርኒስ በማንም ልጅ አልጋ ላይ መኖር አልነበረበትም። ገላን ጉራ የተሰጣት አዲስ ቤት ውስጥ አክስቴ የምታመሰግነው አንዱ ነገር ሌሊት ከላይዋ የሚሮጥ አለመኖሩን ነው። የምለው፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግረው አደገኛ ሳምንት ባለቤት ይኑረው ነው። በዚያ ሳምንት አቧራውን የሚስቡት የታወቁ ናቸው። ቤታቸውን በገዛ እጃቸው የሚነቅሉት ነዋሪዎች፣ በቀን ሥራ የተቀጠሩት ወጣቶች፣ ሲኖትራኩ ላይ ፍርስራሽ የሚጭኑት፣ ከፍርስራሹ ብረትና ቆርቆሮ የሚለቅሙት ልጆች፣ ያንን ገዝቶ በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌው። አንዳቸውም ጓንት ሲያደርጉ አላየሁም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገሬ ሰው፤ ለዘመናት ሰፈሩ ቆሻሻ የሚነሣበት፣ ፍሳሽ የሚወርድበት ሥርዓት ሳይኖረው ለመኖሩ ዕዳውን በሳንባቸው የሚከፍሉት እነዚህ ናቸው።

በየጉልቱ የሚሸጠው የአይጥ መርዝም መፍትሔ ተደርጎ መወሰዱ ያሳስበኛል። ሸማቹ ምን እንደገዛ አያውቅም፤ ብልቃጡ ላይ ስም የለም። አይጧ በልታ ኮርኒስ ውስጥ ትሞትና ሌላ የሚነካ፣ የሚሸት፣ የሚጠረግ ነገር ትተዋለች። የሞተችውን የበላች ድመትም አብራ ልትሞት ትችላለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አይጡ ያለ ድመት ይራባል። ቀዳዳውን በሲሚንቶና በሽቦ መድፈን፣ ጤፉንና ሽሮውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን በየቀኑ ማስነሣት ቀርፋፋ ቢሆንም የሚያዛልቅ ነው።

ስለ አቧራው የጤና ባለሙያዎች ምክር ግልጽ ነው። የተዘጋውን ክፍል በርና መስኮቱን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማናፈስ። ጓንት ማድረግ፤ አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ማስክ መሸፈን። ዓይነ ምድሩንና ጎጆውን በደረቁ አለመጥረግ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ እስኪርስ መርጨት፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በወረቀት ወይም በጨርቅ አፍሶ በፌስታል ቋጥሮ መጣል። እጅን በሳሙና መታጠብ። ሐንታ ቫይረስን የሚሸፍነው ስብ ነው፤ በረኪናም ሆነ ሳሙና ይገድለዋል።

ይህን ምክር መጀመሪያ ሳነብ የደነቀኝ አዲስ አለመሆኑ ነው። እናቶቻችን ወለል ሳይረጩ አይጠርጉም። የቀኝ እጅን ጣቶች ጣሳ ውስጥ ነክሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ መርጨት፣ ከዚያ መጥረጊያ ማንሣት የየማለዳው ሥርዓት ነው። አቧራ እንዳይነሣ ነው፤ ሌላ ምክንያት ሲሰጡት አልሰማሁም፤ ግን ሳንባን የሚያድነው ያው ነው። አዲስ አበባ ከሳንባ በሽታ ጋር የተያያዘ ሌላ ሥርዓትም አላት። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን ሲመታ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። የኅዳር በሽታ የተባለው እርሱ ነው፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ተብሎ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። አንድ መቶ ዓመት የቆየ የጤና ትዝታ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ደጁን የሚጠርግበት ዘመቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የሚጠረገው በደረቁ ነው፤ ከየጓዳው ጥግ፣ ከየቦዩ ዳር፣ የዓመቱ ክምችት። ጢሱም በየቤቱ አስምና ብሮንካይት ላለበት ሰው ከባድ ነው። የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት በየዕድሩ በኩል በረኪናና ጓንት ቢያድል፣ «መጀመሪያ ርጩ» የሚል ቃል ቢያስነግር፣ ሰው የሚሰማው ይመስለኛል። ሥርዓቱ የራሱ ነውና።

አክስቴ ከዶሮ ማነቂያ ስትወጣ ያመጣቻቸው ሁለት ሳጥኖችና አንድ ጆንያ ገላን ጉራ በረንዳዋ ላይ ሳይከፈቱ ከርመው ነበር። ባለፈው እሑድ ልትከፍታቸው እንደሆነ በስልክ ስትነግረኝ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ በረኪናውን፣ ጓንቱን፣ አምስት ደቂቃውን። ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣

«አንተ ልጅ፣ እኔ መቼ ሳልረጭ ጠርጌ አውቃለሁ? ያን ቀን እናንተ ናችሁ መጥረጊያውን ከእጄ የነጠቃችሁኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በዚያ መጋቢት ቀን ጣሳ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ቸኩለን ስለነበር፣ ኤክስካቫተሩም ሦስተኛው ቤት ደርሶ ስለነበር፣ «ተይው፣ ለሚፈርስ ቤት!» ብለን አልፈናት ገባን። እሑድ ሄጄ ሳጥኖቹን አብረን ከፈትናቸው። በትልቁ ሳጥን ውስጥ፣ የእናቷ ጥልፍ ቀሚስ ጫፉ ተበልቶ፣ የደረቀ ጎጆ ነበር።